ሳልጠይቅ ያለፍኩት የመጀመሪያ ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ ቀን መሥሪያ ቤቴ ኬክ አስመጣ፤ ዳይሬክተራችንም «ለታማኝ አገልግሎት» የሚል የተጻፈበት የመስታወት ሽልማት ሰጠኝ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ። አብረውኝ የሠሩት ልጆች ከሥራው መለየቱ ከብዷት ነው ብለው ተራ በተራ አቀፉኝ። የት ያውቁታል! እኔ ያለቀስኩት ጋሼ ሰይድ ትዝ ብለውኝ ነው። «ይሄ ሽልማት ለዘይነብ አይገባም» ማለት የሚችሉ አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዛሬ ደሴ ናቸው።

ትልቋ ልጄ ኢማን «ማም፣ ጀስት ራይት ኢት ዳውን»፣ ያለፈውን በቃ ጻፊው፣ ማለት ከጀመረች ቆየች። በአማርኛ ብጽፈው አታነበውም። ሳስበው፣ በአማርኛ የጻፍኩትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ትዳር የያዝኩት አዲስ አበባ፣ የሸበትኩት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ነው። ከባሌና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በዲቪ ስንመጣ የተቀበሉን ጋሼ ሰይድ ናቸው። ዘመዳችን አይደሉም፤ የአባቴ የሰፈር ሰው ናቸው፣ ከኛ ጥቂት ዓመት ቀድመው በዲቪ የመጡ። ኤርፖርት ድረስ መጥተው ወሰዱን፤ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ካለችው አፓርትመንታቸው አንዱን መኝታ ቤት ለቀውልን አራት ወር አኖሩን። መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ያስቀጠሩኝ እሳቸው፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያስመዘገቡልኝ እሳቸው። ሚስታቸውና አንድ ልጃቸው ሐያት አገር ቤት ነበሩ። እዚህ የወሎ ሰው ሲጣላም ሲጋባም መጀመሪያ የሚደወልለት ለጋሼ ሰይድ ነበር። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ዓርብ ዓርብ ካፖርታቸውን በብሩሽ ሳይጠርጉ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። አዲስ የመጣውን ሁሉ «ጊዜው ሲደርስ ሲቲዝን ሁን፤ አትዘናጋ» ብለው ይመክሩ ነበር። እኔም በሳቸው ምክር ነው ጊዜዬን ሳላሳልፍ የዜግነት መሐላ የማልኩት።

ዌርሃውሱ ወገቤን ሲጨርሰው ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ገባሁ። ከመስታወቷ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። በየጠዋቱ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ አሮጌ መኪናዋን እያዘገመች ትመጣና መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስ ዘይነብ» ትለኛለች። ስሜን አጥርታ የጠራችኝ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት እሷ ናት። ሚስ ሎሬታ ትባላለች። ምርጫ ቢሮ ነው የምትሠራው። በአማርኛ ብንተዋወቅ አንቱ ነበር የምላት፤ እንግሊዝኛው አንቱታ ስለሌለው «እሷ» ሆና ቀረች።

አንድ ቀን ትኬቷን እየሰጠችኝ፣ ያለ ምንም መንደርደሪያ፣ «ሲቲዝን ነሽ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ እኮ ሰው ወረቀቱን አይጠየቅም! አንዱ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ ይጠብቃል፣ አንዱ ተከልክሎ ይግባኝ ላይ ነው፣ አንዱ በጋብቻ የመጣ ሆኖ ጋብቻው ፈርሷል። ራሱ ካላነሳው ዝም ነው። አሥር ዓመት አብረኸው ሶላት የሰገድከው ሰው በምን ወረቀት እንደሚኖር አታውቅም፤ አለማወቅህም ጨዋነት ነው። እንደ ምንም «አዎ፣ በቅርቡ ማልኩ» አልኳት።

«እንግዲያው ሥራ አለሽ» አለችኝ። የምርጫ ቀን የሚያግዙ፣ ሌላ ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች ትፈልግ ነበር።

የምርጫ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ማደል ይመስላል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንገባለን። የድምፅ መስጫው ማሽን ባዶ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት አትመን ሁላችንም እንፈርምበታለን። የማሸጊያውን ቁጥር አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ ሁለቱ ከአንድ ፓርቲ መሆን አይችሉም። ቢሮም ብትሄዱ የድምፅ ወረቀቱ የሚቀመጥበት ክፍል ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በአንደኛው ፓርቲ ሰው እጅ፣ ሌላው በሌላኛው። ዶናት ሲመጣ «ይሄንንስ ሁለት ሆናችሁ ነው የምትከፍቱት?» ብዬ እቀልድባቸው ነበር። ሚስ ሎሬታ ብቻ ነበረች የምትስቀው።

እሷ ዘንድ ዋናው ትምህርት ሰው መመዝገብ ነበር። የመመዝገቢያው ፎርም አንድ ገጽ ነው። ፎርሙን ወደ ሰውየው ታዞረዋለች። ከዚያ ከፊቷ የማይጠፋውን ቢጫ ዶሴ አንስታ ፎርሙን ትሸፍነዋለች፤ የምትታየው የመጀመሪያዋ ጥያቄ ብቻ ናት፦ የአሜሪካ ዜጋ ነህ? አዎ የምትል ሳጥን፣ አይደለሁም የምትል ሳጥን። ጥያቄዋን በአፏ፣ ጮክ ብላ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠይቃለች። ዝም ብላ ትጠብቃለች። «አዎ» ካለ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች እንጂ እጁ ላይ አትሰጥም። «ብዕሩን ራሱ ካነሳ ራሱ ወስኗል ማለት ነው» ትል ነበር። ሳጥኗን እሷ አትነካም። የገዛ ፓስተሯ ሊመዘገብ ሲመጣ እንኳ፣ አብራው ያደገች ሴት፣ በቢጫ ዶሴ ሸፍና «ዜጋ ነህ?» ስትለው አይቻለሁ። ሰውየው በሳቅ ሞተ። እሷ ፈገግ አላለችም።

ምሳ ስንበላ እንዴት እንዲህ እንደሆነች ጠየቅኳት። እናቷ በአሜሪካ ደቡብ ለምርጫ ልትመዘገብ ሦስት ጊዜ ሄዳ፣ ጸሐፊው ጥቁር ሰው እንዳይመርጥ የማይመለስ ጥያቄ እየጠየቀ ሦስቴ መልሷታል። «ለናቴ ጥያቄው መዝጊያ ነበር» አለችኝ። «እኔ ግን የምጠይቀው ለመጠበቅ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ነገ ማንም አይጠብቀውም።» ያን ጊዜ ጆሮዬ ሰማው እንጂ ልቤ አልገባም።

ያ ዓመት ጥቁር ሰው ፕሬዚዳንት ሊሆን ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ የቆመበት ዓመት ነበር። የኛም ሰው ምርጫ ምርጫ ይል ጀመር። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዒድ ዋለ። ለበዓሉ የተከራየነው አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ፎርሙ ተቆልሏል፣ ብዕሩ ተደርድሯል፣ ቢጫ ዶሴም ገዝቼ ይዣለሁ። ሰው ግን ይስቅልኛል እንጂ አይቀርብም፤ መጀመሪያ መሆን ማንም አልፈለገም።

ኋላ አንዱ «ጋሼ ሰይድ ይጀምሩልን! በሳቸው እጅ ይባረክ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። አዲስ ሱቅ ሲከፈት፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ የማኅበር መዝገብ ሲከፈት በሳቸው እጅ ነው የሚጀመረው። ጋሼ ሰይድ ከመሐል ብድግ አሉ። ትንሽ እንደማመንታት አሉ፤ ዛሬ ሳስበው አመንትተዋል። እኔ ያኔ ትሕትና መሰለኝ። ከኋላቸው ሃያ ሠላሳ ሰው ተከትሎ ተሰበሰበ። መነጽራቸውን ከመኪና አላመጡም። «እኔ እሞላልዎታለሁ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይፈርሙ ብቻ» አልኩ።

ዶሴውን አላነሳሁም። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ቤታቸው ያኖሩኝን ሰው፣ ሁሉን «ሲቲዝን ሁን» እያሉ የሚመክሩትን ሰው፣ «ዜጋ ነዎት?» ልበላቸው? ምላሴ እንዴት ይታዘዘኝ! አዎ የምትለዋ ሳጥን ላይ በራሴ እጅ ምልክት አደረግኩና ስማቸውን ጽፌ፣ መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀብዬ ቁጥሩን ሞልቼ፣ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ፈረሙ። ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው ሁሉ እንደ ሥርዓቱ ጠየቅኩ። እሳቸውን ብቻ ነው ያልጠየቅኩት።

በዚያ ሳምንት ይዤ የገባሁት የፎርም ብዛት ቢሮውን አስደነቀ። ሚስ ሎሬታ አለቆቿን ለምና በቋሚነት አስቀጠረችኝ። የሥራ ሕይወቴ የተጀመረው፣ ከላዩ የጋሼ ሰይድ ፎርም ባለበት ክምር ነው።

የምርጫው ዕለት በሚያምር ሱፍ መጡ። ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ደረታቸው ላይ ተለጣፊውን ለጥፌ ፎቶ አነሳኋቸው። ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካውያን ግድግዳ ተደግፈው የሚያለቅሱበት ቀን ነበር፤ እሳቸውም እንባ አቅርረው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላም መጥተው መረጡ።

ዓመታቱ ሄዱ። ሚስ ሎሬታ ጡረታ ወጥታ ልጇ ዘንድ ወደ ደቡብ ሄደች። እኔ አሠልጣኝ ሆንኩ። ወረርሽኙ መጣ፤ በፕላስቲክ መጋረጃ ተሸፍነን፣ እጃችን በአልኮል ተልጦ አስመረጥን። ከዚያ ወዲህ አገሩ ተለወጠ። ድሮ ኩኪስ ይዘውልን የሚመጡ ሰዎች ስልክ ደውለው ሌባ ይሉን ጀመር። ካሜራ ደግነው የፓርኪንጉ ጥግ ላይ የሚቆሙም መጡ። ቴሌቪዥኑ በጠዋት ተከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች መረጡ ይላል። እኔ እስቅ ነበር። «የኛ ሰው መርጦ ነው! እንኳን ሳይፈቀድለት ሊመርጥ፣ የትራፊክ ቅጣት እንኳ ከቀነ ገደቡ ቀድሞ የሚከፍል ሰው!» እል ነበር።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ ሰይድ የደወሉልኝ። «ዳውንታውን ጠበቃ ቤት ታደርሺኛለሽ?» አሉ። ወሰድኳቸው፤ ታች ሆኜ ጠበቅኩ። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶውን ሳያስሩ ተቀመጡ።

«ዘይነብ፣ እኔ ሲቲዝን አይደለሁም» አሉኝ።

«እንዴ! ጋሼ! መርጠዋል እኮ!»

«መርጫለሁ። ጉዱም እሱ ነው።»

የዜግነቱን የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሰው ሁሉ እንደ ሽማግሌ የሚያያቸው ሰው ወደቅኩ ማለት አቃታቸው። ዓመታት ቆይቶ፣ ዕድሜው የገፋና ግሪን ካርዱ አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው በቋንቋው መፈተን እንደሚችል ሰሙ። ሚስታቸው አርፈው ሐያት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ቀርታለች፤ ያገባ ልጅ መጥራት የሚችለው ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው። አመለከቱ፣ በአማርኛ ተፈተኑ፣ አንድም ሳይስቱ አለፉ። ከዚያ የኢሚግሬሽኑ ፈታኝ ማመልከቻውን እያገላበጠ «ለምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» አላቸው። ጋሼ ሰይድ አይዋሹም። «አዎ፣ ሁለቴ» አሉ።

«የምርጫ ካርዱ በፖስታ ሲመጣልኝ የፈቀዱልኝ መሰለኝ» አሉኝ። «መንግሥት ነው የላከው። መንግሥት ሳያውቅ ይልካል?»

ማመልከቻቸው ተከለከለ። ከአገር ይውጡ የሚል ክስ ተመሥርቶም ክሊቭላንድ ያለ የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲቀርቡ ተቀጠሩ። ጠበቃዋ ያቺን ሳጥን ማን እንደሞላት ጠይቃቸዋለች። «ሌላ ሰው ሳይጠይቅዎ ሞልቶት ከሆነና ያ ሰው ቀርቦ ከመሰከረ ተስፋ አለ፤ ራስዎ ከሆኑ ከባድ ነው» ብላቸዋለች።

«እርስዎ ምን አሏት?»

«እኔ ነኝ አልኳት።»

«እርስዎ አይደሉም እኮ! እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ፤ እጅሽን አይቼዋለሁ» አሉ። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሄዳለሁ። ዳኛው ፊት ቀርቤ እኔ ነኝ የሞላሁት እላለሁ» አልኩ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ። «ሥራሽን ያሳጡሻል። የልጆችሽ የኮሌጅ ዕዳ ገና አላለቀም። ግድ የለም፣ አላህ አለ።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ! ልቤን ቀለል አለኝ፣ ወላሂ። አላፍርበትም ብል ውሸት ነው። ምስክር ሆኜ ብቆም የሚሆነው ታይቶኝ ነበር፤ ሻሽ ያሰረች አፍሪካዊት፣ ምርጫ ቢሮ ተቀምጣ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መዘገበች። ፎቶዬ በየቴሌቪዥኑ ሲዞር፣ የቢሮው በር ላይ ሲጮህ፣ በኔ ምክንያት የኛ ሰው ሁሉ ሲጠረጠር። ለሕዝቡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ለሕዝቡ አይደለም። ለራሴ ነው፤ ለወንበሬ፣ ለጡረታዬ፣ «ሚስ ዘይነብ» እየተባልኩ ለምጠራበት ስሜ። ለሚስ ሎሬታም አልደወልኩም። ምን እንደምትለኝ አውቀው ነበር፣ ለዚህ ነው ያልደወልኩት።

የቀጠሮው ዕለት ክሊቭላንድ አልሄድኩም። የወንድሜ ልጅ ነው የነዳላቸው። እኔ አዲስ የምርጫ ሠራተኞችን አሠለጥን ነበር። ፎርሙን በቢጫ ዶሴ ሸፍኜ፣ ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አሳየሁ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «የማውቀውንም ሰው ልጠይቅ?» አለችኝ። «በተለይ የምታውቂውን» አልኳት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የዚያን ቀን የገረመኝም ያሳዘነኝም እሱ ነው።

ዳኛው በፈቃዳቸው እንዲወጡ ጊዜ ሰጣቸው። ሐያትን ሊያመጡ የተነሡት ሰው ራሳቸው ተመላሽ ሆኑ። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ «ደሴ ይከብደኛል፣ ለባልሽ» አሉ። እኔ ካፖርቱን አጥፌ ክንዴ ላይ ያዝኩት። ሰው ሲያየን አባትና ልጅ የሚሰነባበቱ ነበር የሚመስለው። ቢሮ ተመልሼ ከሰዓት በኋላ ሠራሁ።

ከሽልማቱ ማግስት ጠበቃዋን ፈልጌ ደወልኩላት። አሁን ብመሰክርስ አልኳት። ጉዳዩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሰውየው ወጥተዋል፣ ያኔ ቢሆን ኖሮ አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ለጋሼ ሰይድ ደወልኩ። ሐያት አንሥታ አቀበለቻቸው። ጡረታ መውጣቴን ነገርኳቸው፤ «ማሻአላህ» አሉ፣ ባሌን ጠየቁ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቁ። ኢማን ማግባቷን ሲሰሙ መረቁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «አሁን የሚያባርሩኝ ሥራ የለኝም። ሁሉንም ልጽፈው ነው። ጠበቃዋ አይጠቅምም ብላለች፤ ቢሆንም ለዳኛውም ለማንም ልልከው ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ዘይነብ፣ ያን ቀን መኪናሽ ውስጥ ስንቴ ነው ተይው ያልኩሽ?»

«አንዴ ነው፣ ጋሼ።»

«አንዴ። እንግዳም እኮ ብላ ሲሉት አንዴ እምቢ ይላል።» ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «አንድ ጊዜ ብትደግሚልኝ እሺ ልልሽ ነበር። ቤቴ በር ላይ እስክታወርጂኝ ድረስ ጠበቅኩሽ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቀጥለው ስለ ወገቤ ሕመም ጠየቁኝ፣ ሐያትም ሰላም ትልሻለች ብለው ዘጉ።

ከዳውንታውን እስከ ቤታቸው ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር።